ማግኔት የማይዘው ብረት

ነጋዴው ማግኔቱን በሲባጎ አንጠልጥለው ይዘዋል። ከተቃጠለ እስፒከር የወጣ ክብ ማግኔት ነው፤ ጠርዙ ተሸራርፏል፣ ዙሪያው የብረት ብናኝ ለብሷል። ቦታው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በየሰፈሩ «ቁራሌው!» እያለ ሲዞር የቆየ ወጣት ማዳበሪያውን መሬት ላይ ዘርግፎ ሚዛን ይጠብቃል። ከተዘረገፈው መካከል ቁርጥራጭ ፌሮ አለ፣ የበር ማጠፊያ አለ፣ የውሃ ቧንቧ ራስ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ክዳኑ የጠፋ የሚያብረቀርቅ ድስትም አለ። ነጋዴው ማግኔቱን በክምሩ ላይ ያሳልፉታል። ፌሮውና ማጠፊያው ቀጭ እያሉ ይለጠፋሉ። መዳቡ ንቅንቅ አይልም። የቧንቧው ራስም እንዲሁ፤ እሱን በሊማ ጫር አድርገው ውስጡ ቢጫ መሆኑን ካዩ በኋላ «ነሐስ» ብለው ለብቻው ያስቀምጡታል። ድስቱ ላይ ሲደርሱ ማግኔቱ ተንሸራትቶ ያልፋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ብረት አይደለም እንዴ?» አለ ወጣቱ።

«ስቴንለስ ነው። ከብረቱ ጋር እንዳትደባልቀው፣ ዋጋው ሌላ ነው።»

የወጣቱ ጥያቄ ተገቢ ነው። ያ ድስት ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ብረት ነው። ቀሪው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ደግሞ ኒኬል ሲሆን ሌሎች ነገሮችም በትንሽ በትንሹ ገብተውበታል። ብረትን ብቻውን ማግኔት ይይዘዋል። ኒኬልንም ብቻውን ይይዘዋል። ሁለቱ ከክሮሚየም ጋር ሲቀልጡና ሲዋሐዱ ግን ማግኔት የማይስበው ድስት ወጣቸው። ምክንያቱ አሰላለፍ ነው። ብረት ማግኔት እንዲስበው አቶሞቹ የተወሰነ አሰላለፍ ይዘው መቆም አለባቸው፤ ኒኬሉ በመካከላቸው ሲገባ ያ አሰላለፍ ይለወጣል፣ የማግኔት ጠባዩም አብሮ ይጠፋል።

ድስቱን ተቀብዬ ማግኔቱን በጠርዙ ላይ አዞርኩት። ፋብሪካ ውስጥ ተጠምዝዞ የታጠፈው ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ትንሽ ያዝ አደረገ። ብረቱ ሲታጠፍ በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ያሉት አቶሞች ወደ ቀድሞ አሰላለፋቸው በከፊል ስለተመለሱ ነው። ቤቱ የስቴንለስ ድስት ያለው ሰው የፍሪጅ ማግኔት ይዞ ሊሞክረው ይችላል።

ገበያ ላይ «ማግኔት ካልያዘው ኦሪጅናል ነው» ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ውዱን ኒኬል ቀንሶ በምትኩ ማንጋኒዝ ያስገባ ርካሽ ስቴንለስም ማግኔት አይዘውም፤ ጨው ያለበት ወጥ ሲያድርበት ግን ነጠብጣብ ዝገት ያወጣል። በአንጻሩ ኒኬል የሌለው፣ ክሮሚየም ብቻ የተጨመረበት ስቴንለስ ማግኔት ይይዘዋል፤ ሆኖም ብዙ ጥሩ ቢላዎችና ማንኪያዎች የሚሠሩት ከእሱ ነው። ዝገትን የሚከላከለው ክሮሚየሙ ነው። መጠኑ 10.5 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ የሆነ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ በዓይን አይታይም፣ ሲጫር ደግሞ ወዲያው ራሱን ይጠግናል። እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዝ፣ ሸፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ የተባለ ባለሙያ ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ለመሥራት ክሮሚየም ያለበትን ብረት ሲሞክር ነው ይህንን ያስተዋለው። ለጦር መሣሪያ የታሰበው ብረት ማዕድ ቤት ገባ።

ስለእነዚህ ብረቶች ሳስብ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ጥቂት ሌላ ነገር ሲገባባቸው ጠባያቸው ከሥሩ ይለወጣል። ስለ እነሱ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ይመስለኛል።

ብረት፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና መዳብ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። ከሰንጠረዡ ሦስተኛ ዓምድ ጀምሮ መሐሉን የያዘው ሰፊ ሜዳ የእነሱ ነው፤ የሽግግር ብረታ ብረቶች ይባላሉ። ወርቅ፣ ብር፣ ፕላቲነም፣ ታይታኒየም፣ ኮባልት፣ ተንግስተንና ታንታለምም ከዚሁ ወገን ናቸው። አሉሚኒየምና እርሳስ ብረታ ብረት ቢሆኑም እዚህ ውስጥ አይቆጠሩም።

እነዚህን ከሌሎቹ የሚለያቸው የኤሌክትሮኖቻቸው አቀማመጥ ነው። የምግብ ጨው አንዱ ወገን የሆነው ሶዲየም ለሌላ አቶም የሚሰጠው ከደጅ ያለችውን አንዲት ኤሌክትሮን ነው፤ እሷን ከሰጠ በኋላ ቤቱ ዝግ ነው። የሽግግር ብረት ግን እንግዳ ሲበዛ ሳሎን ያለውን አቅርቦ ከጓዳም እንደሚጨምር ቤት ነው፤ ከውጭ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ከሰጠ በኋላ ከውስጠኛው፣ ገና ካልሞላው ክፍልም ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ብረት አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት ይሰጣል። ማንጋኒዝ ከሁለት እስከ ሰባት ይደርሳል። እነዚያው የውስጥ ኤሌክትሮኖች አቶሞቹን እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያስተሳስሩ አብዛኞቹ ጠንካሮች፣ ከባዶችና በቀላሉ የማይቀልጡ ናቸው። የድሮው አምፖል ውስጥ ትበራ የነበረችው ቀጭን ሽቦ ተንግስተን ነበረች፤ ተንግስተን የሚቀልጠው 3,422 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ ነው። የውስጥ ክፍላቸው ሙሉ የሆነው ዚንክና ሜርኩሪ ደግሞ ከዚህ ጠባይ ይወጣሉ። ዚንክ 420 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ሜርኩሪ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው። ብዙ ኬሚስቶች ሁለቱን ከሽግግር ብረታ ብረቶች አይቆጥሯቸውም፤ እኔ ዚንክን እዚህ የማነሣው ከብረት ተለይቶ ስለማያውቅ ነው።

በአገራችን ይህን ዕውቀት በመጽሐፍ ሳይሆን በእጁ ይዞት የኖረ ሰው አለ፤ ቀጥቃጩ። ቁራጭ ባሌስትራ ማረሻ ሲሆን ቆሞ ያየ ሰው የብረትን ግማሽ ትምህርት ተማረ ማለት ይቻላል። የከባድ መኪና ባሌስትራ ፍም ውስጥ ይገባል። ወናፉ ይነፋል። ብረቱ መጀመሪያ የደረቀ ደም ቀለም ይይዛል፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር የለውም፤ ሙቀቱን የሚያነበው ከቀለሙ ነው። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ጥላ ወይም ጨለም ያለ ቤት ውስጥ መሥራት የሚመርጡት፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙ ያሳስታል። በጉጠት አውጥቶ መስፉ ላይ ያሳርፈውና በመዶሻ ይወርድበታል። ሲቀዘቅዝ ይመልሰዋል። ቅርጹ ሲያልቅ ጫፉን ብቻ አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል።

ያ ነከራ ነው ዋናው። ንጹሕ ብረት 912 ዲግሪ ሲደርስ አቶሞቹ አሰላለፍ ይለውጣሉ፤ ካርቦን ያለበት ብረት ደግሞ ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ይጀምራል። አዲሱ አሰላለፍ ካርቦንን በውስጡ አሟምቶ የመያዝ አቅሙ ትልቅ ነው። ብረቱ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ቀስ ብሎ ይለያል፣ ብረቱም ለስላሳ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ ያጣል፤ እዚያው ተወጥሮ ይቀራል። ጥንካሬው ከዚያ ውጥረት የሚመጣ ነው። ከመጠን ያለፈ ውጥረት ግን ይሰብራል፤ ድንጋይ ሲነካ የሚሰነጠቅ ማረሻ ለገበሬ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ቀጥቃጩ መልሶ ለስለስ ባለ ሙቀት ያሞቀውና ውጥረቱን ያረግበዋል። ይህን ሁሉ የሚያመጣው ካርቦን በ100 ግራም ባሌስትራ ውስጥ ከግማሽ ግራም ብዙም አይዘልም። ከ2 ግራም በላይ ቢሆን ብረቱ በመዶሻ የማይቀጠቀጥ፣ በሻጋታ ብቻ የሚፈስ ሌላ ነገር ይሆናል።

ይህን የሚያውቀውን ሰው ነው ለዘመናት ቡዳ ብለን የሰደብነው። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን ልጃችንን ለልጁ ነፍገናል። በጎንደር የቤተ እስራኤል ወገኖች ርስት አልባ ሆነው ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት ሲኖሩ፣ ያ ሙያቸው ራሱ መገለያ ሆኖባቸዋል። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያሳያል። እኔ በዚህ ጉዳይ ለስለስ ብዬ መናገር አልችልም፤ አገሪቱ ከራሷ ባለሙያዎች መማር ስትችል ባለሙያዎቿን እያሸማቀቀች ዘመናት አሳልፋለች።

አጼ ቴዎድሮስ የእጅ ሥራን ምንነት የተረዱ ንጉሥ ነበሩ። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሠማርተው መድፍ አሠሩ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እስከ መቅደላ ተጎትቶ ወጥቶ ዛሬም እዚያው አለ። መድፉ ብረት ሳይሆን ነሐስ ነው፣ ለዚህም ምክንያት አለው። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ላይ ነው። መዳብ ግን 1,085 ላይ ይቀልጣል፣ ሌላ ብረታ ብረት ሲደባለቅበት ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። በከሰል ምድጃ ይህን ያህል ቶን አቅልጦ በአንድ ጊዜ ሻጋታ ውስጥ ማፍሰስ የሚቻለው ነሐስን ነው።

መዳብን፣ ብርንና ወርቅን በመሥራት ረገድ ረጅም ታሪክ አለን። አክሱም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በወርቅና በብር፣ ኋላም በመዳብ ቅይጥ ሳንቲም ታትም ነበር። ከብርና ከመዳብ በተሠሩት አንዳንዶቹ ላይ የንጉሡ ምስል ዙሪያ ወይም መስቀሉ በስስ ወርቅ ተለብጧል። ኋላ በመላው አገሪቱ የተዘዋወረው የማርያ ትሬዛ ብርም ንጹሕ ብር አልነበረም፤ ከ28 ግራም ክብደቱ 83.3 በመቶ ብር ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ከኪስ ኪስ ሲዞር ያልቃል፤ መዳቡ ያጠነክረዋል። አንጥረኞች ያንን ብር አቅልጠው የአንገት መስቀል ሠርተውበታል።

ወደ ጣሪያ ቆርቆሮ ልለፍ፣ ክረምት ሲገባ ከሁሉ በፊት የምናስበው እሱን ስለሆነ። ብረት ሲዝግ የሚፈጠረው ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ እየተሰነጠቀ ይረግፋል፣ ከሥር ያለውን ብረት ለዝናቡ ያጋልጠዋል። ግንባታው ቆሞ ለዓመታት ራሱን ለዝናብ ሰጥቶ የሚታየው የኮለን ፌሮም በዚህ መንገድ ይበላል፤ ዝገቱ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። የጣሪያ ቆርቆሮን የሚያድነው በላዩ የተለበጠው ዚንክ ነው። ዚንክ ብረቱን እንደ ቀለም ሸፍኖት ብቻ አይቀመጥም። ኤሌክትሮን ለመስጠት ከብረት ይቀድማል፤ ስለዚህ ሚስማር የበሳው ወይም መቀስ የቆረጠው ጠርዝ ላይ ብረቱ ቢጋለጥም መጀመሪያ የሚበላው አጠገቡ ያለው ዚንክ ነው። ዚንኩ እስኪያልቅ ድረስ ብረቱ ይቆያል። ቀለም ብቻ የተቀባ ላሜራ ግን አንዴ ከተጫረ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ሰርጎ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ለብየዳ ሠራተኞች ማለት ያለብኝ ነገር አለ። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል፤ የብየዳ እሳት ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ ነው። ዚንክ የተለበጠ ቱቦላሬ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ የዚንክ ኦክሳይድ ብናኝ ነው። ያንን ሲተነፍስ የዋለ ሰው ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይላል፣ ወገቡን ይቆረጥመዋል። ብዙዎች ወባ ወይም ጉንፋን ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል፣ ስለዚህም ችላ ይባላል። በየብየዳ ቤቱ «ወተት ጠጣበት» ይባላል። ወተት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሳንባ የገባውን ጢስ አያወጣም። የሚጠቅመው ከመበየድ በፊት ዚንኩን ከመጋጠሚያው ላይ በግራይንደር ማንሣት፣ ሲፈጭ የሚነሣውን ብናኝ ለመከላከል አፍንጫን መሸፈን፣ ከዚያም ነፋስ በሚገባበት ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጎን አድርጎ መሥራት ነው። በሩ ተዘግቶ የሚበየድባትን ጠባብ ሱቅ ባየሁ ቁጥር ይህ ምክር ለምን ከኤሌክትሮዱ ጋር አብሮ እንደማይሸጥ ይገርመኛል።

የኤሌክትሪክ ምጣድን ገልብጦ ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። በሸክላው ጀርባ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ እየተጠማዘዘ የተቀመጠው ጥቅልል ሽቦ በአብዛኛው ኒኬልና ክሮሚየም ነው፤ 80 በመቶ ኒኬልና 20 በመቶ ክሮሚየም የተለመደው ነው። ከሶኬት እስከ ምጣዱ ያለው ገመድ መዳብ ነው። በሁለቱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አንድ ነው፤ አንዱ ሳይሞቅ ሌላው ይግላል። ከብር ቀጥሎ ኤሌክትሪክን በቀላሉ የሚያሳልፈው መዳብ ነው። የምጣዱ ሽቦ ግን ለኤሌክትሪኩ ያለው እንቅፋት በተመሳሳይ ውፍረትና ርዝመት ከመዳብ ከ60 እጥፍ በላይ ነው፤ ኒኬልና ክሮሚየም ሲደባለቁ ኤሌክትሮኖች ቀጥ ብለው የሚያልፉበት መንገድ ይበላሻል፣ ጉልበታቸውም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አብዛኛው ሌላ ሽቦ በዚያ ሙቀት አየር ላይ ቢቀመጥ ተቃጥሎ ያልቅ ነበር። ይህን የሚያቆየው ያው የድስቱ ክሮሚየም ነው፤ ላዩ ላይ የኦክሳይድ ሽፋን ሠርቶ ይጠብቀዋል።

ሽቦው ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው። እንጀራው ሳይጋገር እንዳይቀር ለዚያ ቀን ይረዳል። ነገር ግን የተጠመዘዘው ቦታ በደንብ ስለማይነካካ ከሌላው በላይ ይግላል፣ ብዙ ሳይቆይም እዚያው ይበጠሳል። ከተደጋገመ ሽቦውን መለወጥ ነው መፍትሔው፤ ሲገዙም ርዝመቱና ውፍረቱ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ያጠረ ሽቦ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ መዳቡን ገመድና ሶኬቱን ያቃጥላል።

መዳቡን ከገመዱ ለማውጣት ደግሞ አንዳንድ ቦታ ፕላስቲኩን በእሳት ማቃጠል ተለምዷል። ጥቁሩ ጢስ ከሚታየው በላይ ክፉ ነው። የሽቦ ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ክሎሪን አለበት፤ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባሉ መርዞች ይፈጠራሉ፣ መዳቡ ራሱ ደግሞ ይህን አፈጣጠር ያፋጥነዋል። በቢላ መላጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን የሚሠራውንም የሚጎረብተውንም ሳንባ ያድናል።

እንዲህ ያለው ማፋጠን የሽግግር ብረታ ብረቶች ትልቁ ሙያቸው ነው። ኤሌክትሮን በቀላሉ ሰጥተው በቀላሉ ስለሚመልሱ፣ ሌሎች ነገሮች ላያቸው ላይ ተገናኝተው ይዋሐዳሉ፤ እነሱ ግን አያልቁም። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ናይትሮጅኑን ያገኘው ከአየር ነው። የአየር ናይትሮጅን እርስ በርሱ እጅግ የተጣበቀ ነው፤ እሱን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ለማድረግ ከፍተኛ ግፊት፣ ከፍተኛ ሙቀትና የብረት ማፋጠኛ ያስፈልጋል። ፍሪትዝ ሃበር መንገዱን አገኘ፣ ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አደረሰው፤ የመጀመሪያው ፋብሪካ ጀርመን፣ ኦፓው ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፤ ስቴንለስ በተገኘበት ዓመት። በአዲስ መኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ መርዛማውን ጋዝ ጉዳቱ ወደ ቀነሰ ጋዝ የሚለውጡት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ናቸው፤ በአንድ መኪና ውስጥ ያሉት ጥቂት ግራም ብቻ ናቸው። ፕላቲነም ከእኛም ምድር ወጥቷል፤ ምዕራብ ወለጋ፣ ዩብዶ ላይ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቆፍሯል። በጉጂ ቀንጢቻ የሚገኘው ታንታለምም በስልኮችና በኮምፒውተሮች ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጥቃቅን ክፍሎች የሚሠሩበት ነው።

ስለ ቀለም ጥቂት ልበል። የሽግግር ብረታ ብረቶች ያልሞላው የኤሌክትሮን ክፍላቸው ከሚታየው ብርሃን የተወሰነውን ይወስዳል፤ የቀረው ነው ለዓይናችን ቀለም የሚሆነው። ሩቢና ሰንፔር መሠረታቸው አንድ ማዕድን ነው፣ አሉሚኒየምና ኦክስጅን፤ ንጹሑ ቀለም የለውም። በጥቂቱ ክሮሚየም ሲገባበት ቀይ ሩቢ ይሆናል፤ ጥቂት ብረትና ታይታኒየም ሲገባበት በትግራይ እንደሚገኘው ያለ ሰማያዊ ሰንፔር ይሆናል። ያው ክሮሚየም ሌላ ማዕድን ውስጥ ሲገባ ደግሞ አረንጓዴ ኤመራልድ ይወጣል፤ የሻኪሶ ኤመራልድ ዓለም ገበያ ላይ የወጣው በዚህ ቀለሙ ነው። የቀይ አፈራችን ቅላት ብረት ነው።

የቀረው ሰውነታችን ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምቆምለት ይህ ክፍል ነው፣ ምክንያቱም ጥቂቱ ሲጎድል የሚጎዳው ሕፃን ነው። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። አብዛኛው ደማችን ውስጥ ነው። ሄሞግሎቢን የሚባለው ፕሮቲን አራት የብረት አቶሞች ይዟል፤ እያንዳንዱ ሳንባ ላይ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይይዛል፣ ጡንቻ ጋ ሲደርስ ይለቃል። ብረት ኤሌክትሮን ሰጥቶ የመመለስ ጠባዩ እዚህ ይጠቅማል፣ ደግሞም አደገኛ ነው፤ ያልታሰረ ብረት ሴሎችን ይጎዳል፤ ስለዚህ ሰውነት ሁልጊዜ በፕሮቲን አስሮ ያስቀምጠዋል። የእናት የብረት ኪኒን ሕፃን እጅ እንዳይገባ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ከረሜላ መስሎት በርከት አድርጎ የዋጠ ልጅ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

«ጤፍ ብረት አለው» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። እውነት ነው፣ ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ጉልህ ድርሻ ያለው አውድማ ላይ በበሬ ሲበራየ ከአፈሩ የተቀላቀለ ነው፤ ከአፈር የሚመጣውን ብረት ደግሞ አንጀት በቀላሉ አይወስደውም። የራሱ የጤፉም ብረት ቢሆን ፋይቴት በሚባል ነገር ተይዟል። እዚህ ላይ እርሾው ሥራ ይሠራል፤ ሊጡ ሲብላላ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ብረቱም ይለቀቃል። በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ አብሮ ሲበላ ቫይታሚን ሲው ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱን ይይዙታል፤ ደም ማነስ ያለባት እናት ከምግብ ጋር አያይዛ ባትጠጣ፣ ሰዓት አለፍ አድርጋ ብትጠጣ ይሻላታል።

ድስቱም ጉዳይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ፣ ትግራይ ውስጥ የተሠራ ነው። ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ገሚሱ የብረት ድስት፣ ገሚሱ የአሉሚኒየም ድስት ተሰጣቸው፤ ልጆቹም ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ምግባቸው በብረት ድስት የበሰለላቸው ልጆች የሄሞግሎቢን መጠናቸው በተሻለ ሁኔታ ጨመረ። ጎምዛዛ ወጥ ድስቱ ላይ ሲንተከተክ ከብረቱ በጥቂቱ ይሟሟል፤ ያ ጥቂቱ ነው ልጁ ጋ የደረሰው። ይህ ጥናት በእኛ አገር፣ በእኛ ልጆች ላይ ተሠርቶ ሳለ በየማዕድ ቤቱ አለመታወቁ ያሳዝነኛል። የብረት ድስት ከባድ ነው፣ በደንብ ካልደረቀ ይዝጋል፤ ታጥቦ ደርቆ ዘይት ከተቀባ ግን ዕድሜው ረጅም ነው።

ኮባልት ስልካችን ባትሪ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ደማችንም ይፈልገዋል። ቫይታሚን ቢ12 መካከሉ ላይ አንድ የኮባልት አቶም አለው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ቢ12 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ጤነኛ ሰው ጉበቱ ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያስቀምጥ፣ በፍስክ ሲመገብ የሚያገኘው ለጾሙ ይተርፈዋል። ጨርሶ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበላ ሰው ግን ከሌላ መንገድ ማግኘት አለበት።

የዚንክም ሥራ ጣሪያ ላይ ብቻ አይደለም። ሕፃን ሲያስቀምጠው ጤና ጣቢያ ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጠው ኪኒን ዚንክ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ይህን የመከሩት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ያኔ የተመከረው መጠን ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ላለ 20 ሚሊግራም ነበር። ኦአርኤሱ የጠፋውን ውሃና ጨው ይተካል፤ ዚንኩ የተጎዳው የአንጀት ግድግዳ እንዲያገግም ያግዛል፣ በቀጣዮቹ ወራትም ተቅማጡ ቶሎ እንዳይመለስ ይረዳል። ችግሩ ኪኒኑ ሳያልቅ መተዉ ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሊቆም ይችላል፤ እናትም «ዳነልኝ» ብላ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ታስቀምጠዋለች። መወሰድ ያለበት ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ሙሉ ነው፤ ልጁ ድኖ እየተጫወተም ቢሆን።